ሦስት ስም ላላት ከተማ አንድ ቁልፍ

ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር ሊገናኝ ጥቂት ሲቀረው በስተቀኙ የሚተዋት ከተማ ባሕሪ ናት። ካርታ ላይ «ሰሜን ኻርቱም» ተብላ ትጻፋለች፤ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ «ኻርቱም ባሕሪ» ናት፤ የሚኒባሱ ረዳት፣ ኩምሳሪው፣ ደግሞ «ባሕሪ! ባሕሪ!» እያለ ይጣራል። እዚያ የኖረ አበሻ ሦስቱ አንድ መሆናቸውን ለማወቅ ማንንም አይጠይቅም። ዳታቤዝ ግን ካልነገሩት አያውቅም፤ ሦስት አጻጻፍ ካየ ሦስት ከተማ ነው የሚቆጥረው። ሰንጠረዥን ከሰንጠረዥ ስለማያያዝ ከአምሳ ዓመት በላይ የተጻፈው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፦ አንድን ነገር «ያው እሱ ነው» የምንለው በምን ምልክት ነው? ምልክቱንስ ማን ይሰጣል፣ ማንስ ይጠብቃል?

ነገሩ በኮምፒውተር ዓለም ቅርጽ መያዝ የጀመረው በ1960ዎቹ ነው (ዓመታቱ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቻርልስ ባክማን በጄኔራል ኤሌክትሪክ የሠራው አይዲኤስም ሆነ አይቢኤም ለአፖሎ የጨረቃ ጉዞ ሲል የጀመረው አይኤምኤስ መዝገብን ከመዝገብ የሚያያይዙት በአድራሻ ነበር። በአንዱ መዝገብ ውስጥ የሌላው መቀመጫ ይጻፋል፤ ፕሮግራም ሠሪው ያንን ፈለግ ተከትሎ ይሄዳል። ባክማን በ1973 የቱሪንግ ሽልማትን ሲቀበል ባደረገው ንግግር ፕሮግራም ሠሪውን የመርከብ መንገድ መሪ አድርጎ ያየው ለዚህ ነው። መንገዱ ፈጣን ነበር። ሆኖም አስቀድሞ ባልተጠረገ መንገድ መሄድ አይቻልም፤ መረጃው ቦታ ከቀየረ ደግሞ በላዩ የተጻፈው ፕሮግራም ሁሉ ይበላሻል።

ኤድጋር ኮድ በአይቢኤም የሳን ሆዜ ቤተ ሙከራ ሳለ በጁን 1970 ያሳተመው አሥራ አንድ ገጽ ጽሑፍ ይህን ገለበጠው። አድራሻው ይቅር፤ መዝገቦች የሚተዋወቁት በውስጣቸው በተጻፈው ዋጋ ይሁን አለ። እያንዳንዱ ሰንጠረዥ ረድፎቹን አንድ በአንድ የሚለይ አምድ ወይም የአምዶች ስብስብ ይኖረዋል፤ ይህ ፕራይመሪ ኪ ነው፣ ዋና ቁልፍ እንበለው። ያው ዋጋ ሌላ ሰንጠረዥ ውስጥ ገብቶ ወደ መጀመሪያው ሲያመለክት ፎሪን ኪ፣ የውጭ ቁልፍ፣ ይሆናል። ሁለቱም ስሞች እዚያው ጽሑፍ ውስጥ አሉ። አይቢኤም የአይኤምኤስ ገበያው ስለደራለት ሐሳቡን ወደ ሸቀጥ ለመለወጥ ሲያመነታ፣ ኤስኪውኤል በተባለው የጥያቄ ቋንቋ የሚሠራ ዳታቤዝ ቀድሞ በ1979 ለገበያ ያቀረበው ኋላ ኦራክል የተባለው ትንሽ ኩባንያ ሆነ። ኮድም በ1981 የቱሪንግ ሽልማትን ወሰደ። ታሪኩ ይህን ያህል ይበቃዋል፤ ንድፈ ሐሳቡ ቶሎ ተቋጭቷል፣ ያልተቋጨው አጠቃቀሙ ነው።

አሠራሩን በባሕሪ ድልድዮች ማየት ይቻላል። «ከተሞች» የሚል ሰንጠረዥ እናብጅ፦ 1 ኻርቱም፣ 2 ባሕሪ፣ 3 ኦምዱርማን። «ድልድዮች» በሚለው ሌላ ሰንጠረዥ ደግሞ ባቡር ጭምር የሚያልፍበት አሮጌው የሰማያዊ ናይል ድልድይ፣ የኮበር ድልድይ፣ መክ ኒምር፣ ሻምባትና ሐልፋያ ይግቡ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ባሕሪን ከኻርቱም፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ከኦምዱርማን ያገናኛሉ። ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው በባሕሪ ረድፍ ላይ «ድልድዮች» የሚል አምድ ከፍቶ አምስቱን በነጠላ ሰረዝ እየለየ መደርደር ነው። ለዓይን ደስ ይላል። «ሻምባት የት የት ያደርሳል?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ማሽኑ የጽሑፍ ቁራጭ ፍለጋ ሊገባ ነው፤ አንዱ ጸሐፊ «ሻምባት»፣ ሌላው «ሸምባት» ብሎ ከጻፈማ ፍለጋውም ከንቱ ነው። ሁለተኛው ሙከራ በድልድዮች ሰንጠረዥ ውስጥ «ከ» እና «ወደ» የሚሉ ሁለት የውጭ ቁልፎች ማስገባት ነው። ይህ ይሻላል፤ ችግሩ ድልድይ «ከ» እና «ወደ» የለውም፣ ስለዚህ ባሕሪን የፈለገ ሁልጊዜ ሁለቱንም አምድ ማሰስ አለበት። ሦስተኛውና ትክክለኛው መንገድ በመካከል አንድ ቀጭን ሰንጠረዥ ማቆም ነው፤ በውስጡ ሁለት አምድ ብቻ፣ የድልድይ ቁጥርና የከተማ ቁጥር። አንድ ድልድይ ብዙ ከተማ ሊነካ፣ አንድ ከተማም ብዙ ድልድይ ሊኖረው ሲችል፣ የብዙ ለብዙ ግንኙነት የሚባለው ማለት ነው፣ ሌላ መፍትሔ የለም። የሁለቱ ቁጥሮች ጥምረት ራሱ ዋና ቁልፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ሻምባት ባሕሪን ይነካል ተብሎ ሁለት ጊዜ ሊመዘገብ አይችልም። ከተማዋ ስንት ስም ይኑራት፣ ቁጥሯ 2 ነው፤ «ሰሜን ኻርቱም»ም ሆነ «ኻርቱም ባሕሪ» ወደ 2 የሚያመለክት የተለዋጭ ስሞች ሰንጠረዥ ውስጥ ይቀመጣሉ።

በኖቬምበር 2023 በሱዳን ጦርነት መካከል የሻምባት ድልድይ ተመትቶ ተቆረጠ። ረድፉ ይሰረዝ? የዳታቤዝ ትምህርት እዚህ ጋ ሦስት ዋና ምርጫ ይሰጣል። በሌላ ሰንጠረዥ የሚጠቀስ ከሆነ ስረዛውን ከልክል፤ ወይም የሚጠቅሱትን ረድፎች ሁሉ ተከትለህ ሰርዝ፤ ወይም ጥቅሱን ባዶ አድርገው። ተከታትሎ የሚሰርዘው ትእዛዝ፣ ካስኬድ የሚሉት፣ ለሠሪው ምቹ ስለሆነ በየቦታው ይዘወተራል፤ እኔ በሰውና በቦታ መዝገብ ላይ ባላየው ደስ ይለኛል። ድልድዩ ሲሰረዝ በላዩ የተደረገው ጥገናና የተከፈለው ሒሳብ፣ የደረሰው አደጋም ሳይቀር፣ ይጠፋል። ድልድዩ ወንዝ ውስጥ ቢወድቅም መኖሩ እውነት ነበር፤ የሚያስፈልገው የሁኔታ አምድና ቀን ነው።

እስካሁን ያወራነው ስለ ድልድይ ስለሆነ ቀላል ነበር። ወደ ሰው ስንመጣ ክርክሩ ይጦፋል። አንዱ ወገን ቁልፍ ከነገሩ ከራሱ ይውጣ ይላል፤ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የመታወቂያ ቁጥር፤ የተፈጥሮ ቁልፍ። ሌላው ወገን ቁልፍ ትርጉም የሌለው፣ ዳታቤዙ ራሱ የሚያወጣው ቁጥር ይሁን ይላል፤ ምትክ ቁልፍ። ኮድ ራሱ በ1979 ሞዴሉን ሲያሰፋ ወደ ሁለተኛው አዘንብሏል። በምዕራቡ ዓለም ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም። በእኛ አገር ስምና ቀን ግን ሚዛኑ ወደ ሁለተኛው ወገን ያጋድላል።

«ኃይለ ሥላሴ»ን እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል፤ ስድስት። ሥ ወይም ስ፣ ሴ ወይም ሤ፤ አራት ጥምረት። ተለያይቶ ወይም ተያይዞ ይጻፋል፤ ሁለት። ሲባዛ 48 አጻጻፍ፣ ሁሉም ለአንባቢ ያው ስም፣ ሁሉም በዩኒኮድ የተለያየ። ለኮምፒውተሩ 48 ሰዎች ናቸው። ሰውየው ባሕሪ ሄዶ ሲመዘገብ ደግሞ ዐረብኛ ይጨመርበታል። ሱዳናዊ ጸሐፊ «ገብሬ»ን በቃፍ ይጽፋል፤ ሱዳን ቃፍን እንደ ገ ስለሚያነብ ነው፣ ገዳሪፍንም የሚጽፉት በቃፍ ነው። የካይሮ ጸሐፊ ያንኑ ስም በጂም ይጽፈዋል። ጴጥሮስ ጴ ስለሌለ ቡጥሮስ ይሆናል፤ ጫላ ጨ ስለሌለ በሺን ይገባል። እንደገና ወደ ላቲን ፊደል ሲመለስ ገብሬ «ቀብሬ» ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ከዚያ የሱዳን ቅጽ አራት ስም ይጠይቃል፤ የእኛ ሰው የአባቱንና የአያቱን ጨምሮ ሦስት ይዞ ነው የመጣው፣ ስለዚህ አራተኛውን እዚያው መስኮት ላይ ያስታውሳል ወይም ይፈጥራል።

የትውልድ ቀንም አያድንም። ጳጉሜን 6 የተወለደ ሰው በአውሮፓ ካላንደር ብቻ በሚያውቅ የቀን አምድ ውስጥ እንደ ራሱ አይገባም፤ መለወጥ አለበት። የሚለውጠው ጸሐፊ ሰባት ይጨምር ስምንት ዓመት እንደ ወሩ ነው፣ ሁሉም ግን ይህን አያስታውስም። ቀኑን የማያውቅ ደግሞ ጃንዋሪ 1 ይባላል፤ በስደተኛ መዝገብ ይህች ቀን ከሌሎች ቀናት ሁሉ ተለይታ በተወላጅ ብዛት የምትጨናነቀው በዚህ ምክንያት ነው። ስም፣ የአባት ስምና የትውልድ ቀን አንድ ላይ ተደምረው ቁልፍ ይሆናሉ የሚል ዲዛይነር በእኛ ሰዎች ላይ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሠራል፦ አንዱን ሰው ለሁለት ይከፍለዋል፣ ሁለቱን ሰዎች አንድ ያደርጋቸዋል።

ጥምር ቁልፍ በራሱ ክፉ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ነባሩን የመኪና ታርጋ ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ ቁጥሩ ብቻውን መኪናውን አይለይም ነበር፣ ከኮዱና ከክልሉ ጋር ካልተነበበ። ኮድ 2 እና ኮድ 3 ላይ ያው አምስት አሃዝ ሊኖር ይችል ነበር። የቀበሌ መታወቂያም እንዲሁ ነበር፤ ቁጥሩ የሚሠራው በዚያው ቀበሌ ውስጥ ነው፣ ከዚያ ወጥቶ ሰው እንዲለይ ክልሉ፣ ዞኑ፣ ወረዳውና ቀበሌው ይከተሉታል። ጣጣው የሚመጣው በቁልፉ ውስጥ የተቀበረው ትርጉም ሲለወጥ ነው። በ2020 አዲስ አበባ ከቦሌና ከየካ ቆርሳ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማን አቋቋመች። ነዋሪው ከቤቱ አልተንቀሳቀሰም፣ የክፍለ ከተማው ስም ግን ተለወጠ። ቁልፉ ውስጥ «ቦሌ» ተጽፎ ከነበረ፣ ያንን ቁልፍ የጠቀሰ የግብር፣ የቤትና የትምህርት ቤት ረድፍ ሁሉ አብሮ መለወጥ አለበት፣ ካልሆነ አሮጌው ስም ለዘላለም ይኖራል። ትርጉም ያለው ነገር ይለወጣል፤ ቁልፍ ደግሞ እንዳይለወጥ ነው የሚፈለገው።

እንግዲህ ምትክ ቁልፍ። እሱም የራሱ ጠባይ አለው። በጣም የተለመደው ዳታቤዙ 1፣ 2፣ 3 እያለ የሚሰጠው ተከታታይ ቁጥር ነው፤ አንድ ሰርቨር ላይ እስከሆነ ድረስ ምንም እንከን አይወጣለትም። ነገር ግን በፌብሩዋሪ 2024 እንደሆነው የሱዳን የስልክና የኢንተርኔት መስመር በሰፊው ሲቋረጥ፣ ሁለት የምዝገባ ቦታዎች ለየብቻቸው ሲሠሩ ከርመው ሲገናኙ ምን ይሆናል? ሁለቱም ቁጥር 1 የሚሉት ሰው አላቸው። ሰዎቹን ለማዋሐድ የአንዱን ወገን ቁጥሮች መቀየር ግድ ነው፤ የልጆችን፣ የሕክምናውን፣ የእርዳታ እህሉን ሰንጠረዥ የሚያያይዙት የውጭ ቁልፎች አብረው በትክክል ካልተቀየሩ ደግሞ የአንዷ እናት ልጅ ለሌላዋ ይሰጣል። ዳታቤዙ ስሕተቱን አያይም፤ ቁጥር 1 አለ፣ ቁልፉም ይገጥማል። ከመስመር ውጭ የሚመዘገብ ሰው ባለበት ሁሉ ዩዩአይዲ የሚባለው ባለ 128 ቢት ቁጥር የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ ቢያወጣው እንኳ መገጣጠም አይኖርም ማለት ይቻላል። ረጅም ነው፣ በስልክ አይነበብም፣ ኢንዴክሱን ያዝረከርካል እየተባለ ይታማል። በ2024 ደረጃ ሆኖ የወጣው ሰባተኛው ዓይነት ግን ጊዜን ከፊት ስለሚያስቀድም የመጨረሻውን ሐሜት አቅልሎታል።

ግንኙነቱ ከተነደፈ በኋላ ማን ያስከብረዋል የሚለው ጉዳይ ብዙ አይጻፍበትም፤ ብዙ ቤት የሚፈርሰው ግን በእሱ ነው። ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ እስከ 2010 ድረስ ሳይነግሩት ይጠቀምበት የነበረው የማከማቻ ሞተር፣ ማይአይሳም፣ የውጭ ቁልፍ ትእዛዙን ተቀብሎ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ችላ ይለዋል። በየስልኩ ውስጥ ያለው ዳታቤዝ፣ ኤስኪውላይት፣ ደግሞ በተከፈተ ቁጥር ካላበሩለት በቀር አያስከብርም። ተራ የኤክሴል ገጽማ ቁልፍ የሚባል ነገር የለውም፤ ስም ከስም አስተያይቶ ማምጣት ነው፣ ከእነ 48ቱ አጻጻፍ። «ፕሮግራሙ ውስጥ እናጣራዋለን» የሚሉ አሉ። ያንን ዳታ ነገ ሌላ ፕሮግራም፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሌሊት ላይ በእጅ የሚያስተካክል ባለሙያ ይነካዋል፤ ሕጉ መጻፍ ያለበት ሁሉም በሚያልፍበት በር ላይ ነው። መረጃቸውን በሺህ ሰርቨር የበተኑ አንዳንድ ግዙፍ ኩባንያዎች የውጭ ቁልፍን ትተው ይሠራሉ፤ የእኛ መሥሪያ ቤቶች ግን ያ በሽታ ሳይኖርባቸው መድኃኒቱን መዋጥ የለባቸውም።

የፒተር ቼን የ1976 ሥዕላዊ ዘዴ፣ ነገሮችን በሳጥን፣ ግንኙነታቸውን በአልማዝ ቅርጽ የሚያሳየው፣ ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው ይሰጣል። አንድ ለአንድ፣ አንድ ለብዙ፣ ብዙ ለብዙ። ተማሪው ግንኙነቱ ከነገሩ ጋር የተወለደ ይመስለዋል። የስደተኛ ምዝገባ ተቃራኒውን ያስተምራል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ በ2001 ባወጣው ውሳኔ ምዝገባ በመርሕ በግለሰብ ደረጃ ይሁን አለ፤ ከዚያ በፊት በብዙ ቦታ የነበረው የቤተሰብ ካርድና የቤተሰብ ራስ ነበር፣ ሚስትና ልጆች የራሳቸው ቁጥር ሳይኖራቸው በእሱ ረድፍ ውስጥ እንደ ብዛት ይቆጠሩ ነበር። አሁን ሰውም ቤተሰብም የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ቤተሰቡ አንድ፣ አባላቱ ብዙ። ግን ያ የሚሠራው ለዛሬ ነው። ልጅቷ አግብታ ወደ ሌላ ቤት ትገባለች፣ ባልና ሚስት ይለያያሉ፣ ወላጆቹን ያጣ ልጅ አጎቱ ዘንድ ይጠጋል። ታሪኩን ለመያዝ የፈለግን እንደሆነ ያው ግንኙነት ብዙ ለብዙ ይሆናል፣ መነሻና መድረሻ ቀን ያለው መካከለኛ ሰንጠረዥ ይፈልጋል። በኤፕሪል 2023 ኻርቱምና ባሕሪ ሲታመሱ በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የተሻገረ ቤተሰብ ሁሉ ከድንበሩ ወዲያና ወዲህ ያው ቤተሰብ አልነበረም።

አሁን ወደ ብሔራዊ ቁጥሮች። ሱዳን በ2011 የሲቪል ምዝገባ ሕግ አውጥታ ለዜጎቿ ብሔራዊ ቁጥር መስጠት ጀመረች፤ ቁጥሩ የመንግሥት አገልግሎት መግቢያ ሆነ። በዚያው ዓመት ደቡብ ሱዳን ተገነጠለች፣ የዜግነት ሕጉም ተሻሻለ፤ ከባሕሪ በስተ ምሥራቅ እንደ ሐጅ ዩሱፍ ባሉ ሰፈሮች ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩ የደቡብ ተወላጆች ቁጥሩን የማያገኙ ሆኑ። አንድ አምድ «ባዶ መሆን አይችልም» ተብሎ ሲታወጅ ለዲዛይነሩ የንጽሕና ሕግ ነው፤ ቁጥር ለሌለው ሰው ግን በሩ ይዘጋበታል ማለት ነው። ኢትዮጵያዊው ስደተኛም በዚያች ከተማ ከስደተኛ ካርድ፣ ከመኖሪያ ፈቃድ ወይም ከፓስፖርት ቁጥር ሌላ አልነበረውም፤ እያንዳንዱ የሚሠራው ባወጣው መሥሪያ ቤት ግዛት ውስጥ ብቻ ነው።

ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 (ዓ.ም.) መሠረት የምትሰጠው ፋይዳ የተባለ ዲጂታል መታወቂያ እስካሁን ካየነው ትምህርት የወሰደ ይመስላል። የቆመው ባንጋሎር ውስጥ በ2018 በተጀመረ፣ ሞሲፕ በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ቁጥሩ 12 አሃዝ ነው፤ በሞሲፕ አሠራር ቁጥሩ በዕጣ ይወጣል እንጂ ክልል፣ ጾታ ወይም ዓመት አይናገርም፤ የመጨረሻው አሃዝ የመጻፍ ስሕተትን ያጋልጣል። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ የሚጠብቀው አሻራ፣ የዓይን አይሪስና ፊት ነው። ስደተኞችም ከ2024 ጀምሮ እየገቡበት ነው። ባንኮች ይጠይቁታል፣ ሌሎችም መሥሪያ ቤቶች እየተከተሉ ነው።

ታዲያ ፋይዳን በየሰንጠረዡ ዋና ቁልፍ ማድረግ ምን ያስቸግራል? ሁለት ነገር። የመጀመሪያው፣ ቁጥሩ ገና የሌለው ሰው ዛሬ ታሞ ሆስፒታል ይመጣል። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ባንኩ፣ ክሊኒኩ፣ ትምህርት ቤቱና ስልክ ድርጅቱ ያንኑ 12 አሃዝ ቁልፍ ካደረጉ፣ ያፈተለኩ ሁለት ፋይሎች እጁ የገቡለት ማንኛውም ሰው የአንድን ግለሰብ ሕይወት በአንድ መስመር ትእዛዝ ማገጣጠም ይችላል። ማያያዝ የኮድ ሞዴል ትልቁ ጉልበት ነው፤ እዚህ ላይ ያው ጉልበት ወደ ሰውየው ይዞራል። ለአገልግሎት የሚሰጠው 16 አሃዝ ተለዋጭ ቁጥር፣ በሞሲፕ ውስጥም ለየተቋሙ የተለያየ ምልክት የማውጣት ብልሃት የተበጀው ለዚህ ነው። የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው። ውስጣዊው ዋና ቁልፍ ተቋሙ ራሱ የሚያወጣው ትርጉም የለሽ ቁጥር ይሁን፤ የፋይዳ ምልክት ደግሞ ድግግሞሽ የማይፈቀድበት፣ ባዶ መሆን ግን የሚፈቀድለት ተራ አምድ ውስጥ ይቀመጥ።

የሚቀረው አንድ ሰው ሁለት ረድፍ ይዞ መገኘቱ ነው፤ ባሕሪ አንድ ጊዜ በዐረብኛ፣ መተማ አንድ ጊዜ በአማርኛ የተመዘገበ። ብዙ ሲስተሞች አንዱን ሰርዘው በሌላው ያጠቃልሉታል። የሚሻለው ሁለቱንም ረድፍ እንዳሉ ትቶ፣ «እነዚህ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው» የሚል የራሱ ሰንጠረዥ መክፈት ነው፦ የመጀመሪያው መዝገብ ቁልፍ፣ የሁለተኛው ቁልፍ፣ ውሳኔውን የሰጠው ባለሙያ፣ የተመሠረተበት ማስረጃ፣ ቀኑ፣ ከተሻረም የተሻረበት ቀን። ሁለት ጫላዎች በስሕተት አንድ ተደርገው ከሆነ ያችን አንዲት ረድፍ መሻር ይበቃል። ተሰርዞ የተጠቃለለ ከሆነ ግን፣ በአንድ ቁልፍ ሥር ከገቡት የእህል፣ የጥሬ ገንዘብና የክትባት ረድፎች የትኛው የየትኛው ጫላ እንደነበረ መልሶ መለየት አይቻልም።